ከዘራውን አትጣለው፤ ቀለበቱን መልስ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ባለፈው ዓመት ከጓደኞቼ ጋር የ45 ደቂቃ የጋንግስተር ፊልም ሠርተን ነበር። የመኪና ተራውንና የጫኝ አውራጁን ሥራ አንቆ የያዘ አንድ ሽማግሌ አለቃ አለ። እጁ ከከዘራ አይለይም። መጨረሻ ላይ ምክትሉ ይገድለውና ከዘራውን ሲያነሳ ፊልሙ ያልቃል። አሁን ክፍል ሁለትን እየጻፍኩ ነው። ከዘራ የድሮ ነገር ስለሆነ በትልቅ የወርቅ ቀለበትና በወርቅ ቅብ ሽጉጥ ልተካው አስቤያለሁ። በጎድፋዘር የዶን ቀለበት ከአባት ወደ ልጅ እንደሚያልፈው፣ በስካርፌስም ክፍል ሁለት ላይ ያ የዓለም ሐውልት እንደመጣው ማለቴ ነው። ቀለበቱን ገዝቼዋለሁ። ጓደኞቼ ግን ተመልካች ይስቅብናል ይላሉ። ምን ይመክሩኛል? ሽጉጡን ይዘን ሐረጎ መንገድ ላይ ብንቀርጽስ?»

ቀለበቱ አይግባ። ሽጉጡም አይግባ። ከዘራው ይቆይ። ጓደኞችህ ልክ ናቸው፤ ግን ተመልካች የሚስቀው ከዘራው የድሮ ስለሆነ ወይም ቀለበቱ አዲስ ስለሆነ አይደለም። ጥያቄህ ውስጥ ሁለት ስህተቶች አሉ። እነሱ ካልተቃኑ ከዘራውን ብታስቀረውም ክፍል ሁለት አይቆምልህም። ከነሱ ልጀምር። የፊልሞቹን ዓመት የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

በ1972ቱ ጎድፋዘር ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የሥልጣን ቀለበት የለም። ብዙ ሰው አለ ብሎ ያምናል። እጅ ሲሳም ስላየን ቀለበቱን ራሳችን ጨምረንበት ነው። መክፈቻውን መልሰህ እየው። ክፍሉ ጨለማ ነው። ውጭ ሠርግ አለ፣ ፀሐይ አለ፣ ሙዚቃ አለ። ውስጥ አንድ ቀብር አስፈጻሚ በልጁ ላይ የደረሰውን በደል ይናገራል። ካሜራው ከሰውየው ፊት ላይ ቀስ እያለ ወደኋላ ይሸሻል። ብዙ ቆይቶ የማፊያው አለቃ የዶን ቪቶ ትከሻና እጅ ብቅ ይላሉ። ያ እጅ ትንሽ ነቅነቅ ይላል፤ ወዲያው ለሰውየው መጠጥ ይመጣለታል። ትእዛዝ አልሰማንም። ግን ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያን እጅ እየጠበቀ እንደነበር ገባን። ሥልጣኑ እዚያ ነው ያለው። ጭኑ ላይ ያለችው ድመት እንኳ ታስቦባት የገባች አይደለችም። ስቱዲዮው ግቢ ውስጥ ስትዞር የተገኘች ድመት ናት።

ልጁ ማይክል ሥልጣን ሲይዝስ ምን ያዘ? ምንም። መንጋጋው ተሰብሮ ክፍሉ መሃል ወንበር ላይ ተቀምጧል። እግሩን አነባብሯል፣ እጆቹ መደገፊያው ላይ ናቸው። የቤተሰቡን ሁለት ጠላቶች እኔ እገድላቸዋለሁ ይላል። ካሜራው ቀስ ብሎ ይጠጋዋል። ወንድሙ ይስቅበታል። እኛ ግን አንስቅም። ወንበሩ ማንም ሲቀመጥበት የኖረ ተራ ወንበር ነው፤ በዚያች ደቂቃ ግን የአለቃ ወንበር ሆነ።

አሁን የዚያን ፊልም መጨረሻና የክፍል ሁለትን በር አስተያይ። ላንተ የሚጠቅምህ ትልቁ ትምህርት እዚህ ያለ ይመስለኛል። በመጀመሪያው ፊልም ሚስቱ ኬይ ከውጭ ቆማ ታያለች። ሰዎቹ የማይክልን እጅ ይስማሉ። ከነሱ አንዱ መጥቶ በሩን ፊቷ ላይ ይዘጋዋል። በ1974ቱ ክፍል ሁለት ኬይ ልጆቿን ልታይ መጥታ በር ላይ ትቆማለች። ማይክል ይመጣል። ምንም ሳይናገር በሩን በገዛ እጁ ይዘጋባታል። በር ያው በር ነው፤ የዘጋው እጅ ተለወጠ። ዳይሬክተሩ ኮፖላ ለክፍል ሁለት የበለጠ የሚያብረቀርቅ በር አላስፈለገውም። ሁለቱን ትዕይንቶች አንድ ማታ ላይ አከታትለህ እያቸው፤ እኔ በዓመት አንዴ ለተማሪዎቼ አሳያቸዋለሁ፣ ሁልጊዜ ክፍሉ ዝም ይላል።

ስካርፌስን በተመለከተ፣ የ1983ቱ ፊልም የማንም ክፍል ሁለት አይደለም። በ1932 ሃዋርድ ሆክስ የሠራውን ታሪክ ብራያን ዲ ፓልማ ከአዲስ አበጅቶ ሠራው። ጋንግስተሩ ከቺካጎ ወደ ማያሚ ተዛወረ፣ ንግዱም ከመጠጥ ወደ ኮኬይን ተቀየረ። «ዓለም ያንተ ናት» የሚለው ጽሑፍ ግን በሁለቱም አለ። በድሮው ፊልም ከቤቱ መስኮት ማዶ የሚበራ የጉዞ ድርጅት ማስታወቂያ ነው። ሰውየው መጨረሻ ላይ መንገድ ላይ ሲወድቅ ማስታወቂያው ከላዩ እየበራ ነው። በአዲሱ ፊልም መጀመሪያ ሰማይ ላይ በምትንሳፈፍ የአየር መርከብ ላይ ይነበባል። በኋላ ጋንግስተሩ ቶኒ ሲከብር ቤቱ ውስጥ ሐውልት አድርጎ ያቆመዋል፤ ሲሞትም ከሐውልቱ ሥር ውሃው ውስጥ ነው የሚወድቀው። ጽሑፉን ሰማይ ላይ ሲያየው ተስፋ ነበር። ገዝቶ ሳሎኑ ሲያስገባው ግን መቃብሩ ላይ የሚቆም ድንጋይ ሆነ። ስለዚህ ሐውልቱን የትልቅነት ምልክት አድርገህ አትቁጠረው። ዳይሬክተሩ ሰውየው እንዴት እንደተታለለ ነው የሚያሳየን።

ይህ ስህተት የሚመጣው ፊልሞቹን በቁርጥራጭ ስለምናያቸው ይመስለኛል። ስልክ ላይ የ30 ሰከንድ ቪዲዮ ይደርሰናል፤ ወርቁ፣ ሲጋራው፣ ጥቁር መነጽሩ አለ። ዕቃው እዚያ እስኪደርስ የሄደበት መንገድ ግን የለም። ከዚያ ዕቃውን ብቻ ለቅመን ወደ ፊልማችን እናመጣለን።

ከብዙ ዓመት በፊት ደሴ ውስጥ በአንድ የኪነት ቡድን ስሠራ የደረሰብኝን ልንገርህ። የንጉሥ ታሪክ ያለው ተውኔት ነበር። የመድረክ ቁሳቁስ አዘጋጁ እኔ ነበርኩ። ከቆርቆሮ ዘውድ ሠራሁ፣ ወርቅማ ቀለም ቀባሁት፣ ባለቀለም ብርጭቆ ለጠፍኩበት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የመጀመሪያው ማታ ንጉሡ ሲገባ አዳራሹ ሳቀ። በማግስቱ ዳይሬክተሩ ዘውዱን አስወለቀው። በምትኩ መድረኩ ላይ ያሉትን ሰባት ተዋንያን፣ ንጉሡ ሲገባ ተነሱ፣ እሱ እስኪቀመጥ አንዳችሁም እንዳትቀመጡ አላቸው። ንጉሡ ደግሞ ቶሎ አልተቀመጠም። ወንበሩን ነካ አደረገው፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ ወደ መስኮቱ ተመለከተ። ሰባቱ ቆመው ጠበቁ። አዳራሹ ውስጥ የሳለ ሰው አልነበረም። በዚያች ማታ የተማርኩትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ሥልጣንን የሚያሳየው ዕቃውን የያዘው ሰው ሳይሆን ዙሪያውን ያለው ሰው ነው።

አሁን ወደ አንተ ፊልም። የላክልኝን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ከዘራው የሚሠራው ለምን እንደሆነ አንተ ራስህ የገባህ አልመሰለኝም። ሽማግሌው ቀኝ እግሩን ያነክሳል። ከመኪና ሲወርድ መጀመሪያ ከዘራው ነው መሬት የሚነካው፤ ቀጥሎ ጤነኛ እግሩ፤ መጨረሻ የታመመው። ከዘራውን የያዘው ስለሚያስፈልገው ነው። ሾፌሮቹ ድምፁን ሲሰሙ ወሬያቸውን ያቆማሉ። ከዚያ በኋላ ከዘራው ምልክት ሆነ። መጀመሪያ የእግር መደገፊያ ነበር፣ ቆይቶ ሰው የሚፈራው ድምፅ ሆነ። ይህ ቅደም ተከተል ወርቅ ነው። የገዛኸው ቀለበት ይህ ታሪክ የለውም። ከሱቅ የወጣው ትናንት ነው።

ምክትሉ ግን እግሩ ደህና ነው። ታዲያ ከዘራውን ምን ያደርግበታል? ክፍል ሁለት የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። ሽማግሌው የያዘው እንዲደግፈው ነበር፤ ምክትሉ የሚይዘው እንዲታይለት ነው። ይህን በቃል አታስነግር። አያያዙ ይናገር። ከፍ አድርጎ የከዘራውን አንገት ይያዝ፣ ሲሄድ መሬት አያስነካው፣ ሲቀመጥ የት እንደሚያስቀምጠው ይጥፋው። አንድ ጊዜ ከጠረጴዛ ላይ ተንሸራቶ ይውደቅ። ድሮ ቢሆን አምስት ሰው ያነሳው ነበር። አሁን ማንም አይነሳም። ጎንበስ ብሎ ራሱ ያንሳው። ለዚህ ትዕይንት ከፊልሙ ሁሉ የበለጠ ጊዜ ስጠው።

ዕቃ ወደ ቀጣይ ክፍል የሚሻገርበት መንገድ ብዙ ነው። አንዱን ምሳሌ የቪዲዮ ቤት ዘመን ሰዎች ያውቁታል። በ1986 ጆን ዉ በሠራው የሆንግ ኮንግ ፊልም «ኤ ቤተር ቱሞሮ» ተዋናዩ ቾ ዩን ፋት ረጅም ካፖርት ለብሶ፣ ክብሪት እንጨት በጥርሱ ነክሶ ይታያል። ሲጋራውን በሐሰተኛ ዶላር ያቀጣጥላል። ገጸ ባህሪው በፊልሙ መጨረሻ ይሞታል። ፊልሙ ግን ተወደደ፣ በዓመቱ ክፍል ሁለት ተሠራ። የሞተውን ሰው እንዴት ይመልሱት? መንታ ወንድም ነበረው አሉ። ይህ ደካማ ዘዴ ነው። ያዳነው ካፖርቱ ነው። ጥይት የበሳው የሟቹ ካፖርት ተቀምጦ ነበር፤ ወንድሙ ከነቀዳዳው ይለብሰዋል። ተመልካቹ መንታውን ባያምን እንኳ ቀዳዳዎቹን ያምናል። አንተም ከዘራህ ላይ የክፍል አንድ ጠባሳ መኖር አለበት ማለት ነው። ሽማግሌው ሲወድቅ የተሰነጠቀው ቦታ አለ፤ በክፍል ሁለት ያ ስንጥቅ ካልታየ ሰው አዲስ ከዘራ ነው ብሎ ይተወዋል።

ላንተ ታሪክ በጣም የሚቀርበው ግን ጆኒ ቶ በ2005 እና በ2006 የሠራቸው ሁለቱ «ኢሌክሽን» ፊልሞች ናቸው። ሳታያቸው ክፍል ሁለትን አትጻፍ። አንድ የቆየ የሆንግ ኮንግ የወንጀል ማኅበር በየሁለት ዓመቱ ሊቀመንበር ይመርጣል። የሊቀመንበርነቱ ምልክት የዘንዶ ራስ ያለው በትር ነው። በምርጫ የተሸነፈው ሰው በትሩን መጀመሪያ እጄ ካስገባሁ ይላል። በትሩ ከሆንግ ኮንግ ውጭ ተደብቋል። እሱን ፍለጋ ሰዎች ይደበደባሉ፣ ጎራ ይቀይራሉ፣ ከእጅ ወደ እጅ ይነጣጠቁታል። ጆኒ ቶ ይህን ሁሉ የሚያሳየን በድንጋይ፣ በግንድና በቆንጨራ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ሽጉጥ አላስፈለገውም። በክፍል ሁለት ሊቀመንበሩ ጊዜው ቢያልቅም ወንበሩን አልለቅም ይላል። ንግዴን ብቻ ልሥራ የሚል ሌላ ወጣት ደግሞ ሳይወድ ውድድሩ ውስጥ ይገባል፣ ያሸንፋልም። ካሸነፈ በኋላ ከዋናው ቻይና የመጣ የጸጥታ ባለሥልጣን፣ ከእንግዲህ ወንበሩ በቤተሰብህ ይቀጥላል ይለዋል። ሰውየው ማምለጥ የፈለገውን ነገር ለልጅ ልጆቹ ተረከበ። በትሩን ያዘ የተባለው ሰው በትሩ ይዞት ቀረ። ክፍል አንድ «ማን ይይዘዋል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ክፍል ሁለት «የያዘው ምን ሆነ?» ይላል። ለከዘራህም የምፈልገው ይህን ነው።

ሌላው ከጫኝ አውራጅ ታሪክህ ጋር የሚሄደው የ1975ቱ የህንድ ፊልም «ዲዋር» ነው። አሚታብ ባቻን የቦምቤይ ወደብ ጫኝ ነው። የሥራ ቁጥሩ 786 ነው። ቁጥሩ በህንድ ሙስሊሞች ዘንድ ቢስሚላህን እንደሚወክል አንድ አብሮት የሚሠራ ሽማግሌ ሙስሊም ይነግረዋል። ለወሎ ሰው ቢስሚላህን ማብራራት አያስፈልግም። ባቻን የወንጀል አለቃ ከሆነ በኋላም ያችን የቁጥር ብረት ኪሱ ይይዛታል። አንዴ ጥይት ትመልስለታለች። መጨረሻ ላይ ከኪሱ ወድቃ ትጠፋለች፤ በዚያው ይሞታል። ተመልካቹን የሚያስለቅሰው ብረቷ ውድ ስለሆነች አይደለም። ጀርባው ላይ ጆንያ በሚሸከምበት ዘመን የተሰጠችው ስለሆነች ነው። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አጠገብ ሆነህ የወርቅ ሽጉጥ መፈለግህ ያሳዝነኛል፤ ስንት ዓይነት ታሪክ ያለው ዕቃ በየቀኑ ፊትህ ያልፋል።

የወርቅ ነገር ሌላም ችግር አለው፤ ከታሪክህ ጋር ይጋጫል። የመኪና ተራን በፍርሃት የያዘ ሰው ራሱን አያሳይም። በ2007ቱ «አሜሪካን ጋንግስተር» የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴው ፍራንክ ሉካስ ለዓመታት ግራጫ ሱፍ ለብሶ ማንም ሳያውቀው ይከብራል። በኋላ ሚስቱ የምትሆነው ሴት ውድ የፀጉር ካፖርት ትሰጠዋለች። ያንን ለብሶ የ1971ዱን የአሊና የፍሬዘር ቦክስ ለማየት ይሄዳል። ከፊት ወንበር ይቀመጣል። ይህ ሰው ማነው የሚለው ጥያቄ እዚያ ተጀመረ። በኋላ ካፖርቱን እሳት ውስጥ ይጨምረዋል፤ ረፍዷል። ቀለበትህ የምር እንዲሠራልህ ከፈለግህ እንደዚህ ስህተት ሆኖ ነው መግባት ያለበት። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ላስጠንቅቅህ። ምልክት አስቀድመህ አታብዛ። በጎድፋዘር ብርቱካን በታየ ቁጥር ሞት አለ የሚባለውን ሰምተህ ይሆናል። የፊልሙ ፕሮዳክሽን ዲዛይነር ዲን ታቩላሪስ ብርቱካኑን ያስገባው ጨለማ ትዕይንቶቹን ቀለም ለመስጠት እንደነበር ተናግሯል። ትርጉሙን የሰጠው ተመልካች ነው። ስለዚህ ክፍል ሁለትን ከመጻፍህ በፊት ክፍል አንድን ያዩ ሰዎችን ጠይቅ። «ወደዳችሁት?» አትበላቸው። «ምን ትዝ ይላችኋል?» በላቸው። ደጋግመው የሚነግሩህ ዕቃ ካለ፣ አንተ ባታስበውም ምልክትህ እሱ ነው።

እኔን ብትጠይቀኝ ትዝ የሚለኝ ሲኒው ነው። 12ኛው ደቂቃ አካባቢ ሽማግሌው መኪና ጥላ ሥር ተቀምጧል። ቡና የምታፈላው ሴትዮ አቦሉን ቀዳች። ሦስት ሾፌሮች ለሲኒ እጃቸውን ዘርግተዋል። እሷ በመሃላቸው አልፋ መጀመሪያ ለሱ ሰጠችው። ሾፌሮቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። ሽማግሌው ደግሞ ሲኒውን ተቀብሎ ሳይጠጣ ያዘው። እስኪጠጣ ማንም አልጠጣም። ይህን ሳታስበው እንደቀረጽከው ገምቻለሁ፤ ካሜራህ ወዲያው ወደ ሌላ ሄዷልና። የፊልምህ ምርጥ ሾት እሱ ነው። ከጎድፋዘር የእጅ መሳም ይልቅ ለእኛ የሚገባን ይህ ነው። ማን አቦል ደረሰው፣ ማን በረካ ላይ መጣ፣ ማን እንዲጠብቅ ተደረገ፤ ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ሳይነገረው ያነባል።

ነገሩ ከድሮም አለ። ደሴ ያለውን አይጠየፍ አዳራሽ ሄደህ እየው። የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ ነው። ንጉሡ ዘውድ የደፉት በግንቦት 1906 ዓ.ም ነበር፤ በጥቅምት 1909 ዓ.ም ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ዘውዱን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። አዳራሹን ግን ከተማው ሁሉ በስሙ ያውቀዋል፤ ማንንም አይጠየፍም፣ ሁሉን ያበላል ተብሎ። ነጋሪትም እንዲሁ ነው። የሹም ክብር በሚጎሰምለት ነጋሪት ይታወቅ ነበር። ከበሮው ከአደባባይ ጠፍቷል፤ ከ1934 ዓ.ም ጀምሮ ግን ሕግ የሚታወጅበት ጋዜጣ ስሙን ይዞ ቀጥሏል። እኛ ሥልጣንን በግብርና በድምፅ የምናውቅ ሰዎች ነን። ከዘራህ ድምፅ አለው፣ ሲኒህ ግብር አለው። ያለህን ተጠቀምበት።

ስለዚህ የምመክርህ ይህ ነው። ከዘራው በምክትሉ እጅ ይቆይ፣ ቀስ በቀስም ባዶ እንጨት ይሁን። ሥልጣኑ ወደ ሲኒው ይሂድ። በክፍል ሁለት መጀመሪያ ምክትሉ ከዘራውን ይዞ የሽማግሌው ቦታ ላይ ይቀመጥ። ሴትዮዋ አቦሉን ትስጠው፤ ግን ቀደም ሲል ከነበረው ትንሽ ትዘግይ። መሃል ላይ ሾፌሮቹ እሱ ሳይጠጣ ይጠጡ። መጨረሻ ላይ ከዘራውን እንደያዘ አልፋው ትሂድ፣ አቦሉን ለሌላ ሰው ትስጥ። ለማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። የኔ ግምት ለሽማግሌው ታናሽ ልጅ ነው፤ ክፍል አንድ ላይ ጥግ ቆማ አንድም ቃል ያልተናገረችው ልጅ።

ድምፁን አትርሳ። ከዘራው ድንጋይ ሲመታ የሚሰማውን ለብቻው በስልክ ቅረጸው፤ በኮብልስቶን ላይ፣ በቆርቆሮ ላይ፣ በሲሚንቶ ላይ። ምክትሉ ሌሊት ብቻውን ሲሆን ድምፁን ከሩቅ አሰማን፤ ከዘራው ግን አጠገቡ ግድግዳ ተደግፎ ይታይ። ከዚህ በላይ ምንም አትጨምር፣ ሙዚቃም አያስፈልግም።

ለቀረጻው ተመሳሳይ ሦስት ከዘራ አዘጋጅ። አንዱ ለቅርብ ሾት፣ አንዱ ለሚወድቅበትና ለሚወረወርበት፣ አንዱ ለመጠባበቂያ። አዲሱን እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው፣ እጅ የሚይዝበትን ቦታ በዘይት ደጋግመህ እሽው። ብዙ ዓመት የተያዘ ከዘራ እጀታው ይጠቁራል፣ ጫፉ ደግሞ ወደ አንድ ጎን ይበላል፤ የሚያነክስ ሰው ስለያዘው። ስንጥቁን ሦስቱም ላይ በአንድ ቦታ አድርገው። ከየቀረጻው በፊት ፎቶ አንሳ። አንድ ትዕይንት ላይ ስንጥቁ በግራ፣ ሌላው ላይ በቀኝ ከሆነ ድካምህ ሁሉ ገደል ገባ።

ሽጉጡን በተመለከተ ቀልድ የለም። የእውነት መሣሪያ፣ «ባዶ ነው» ቢባልም፣ ቀረጻ ቦታ አይግባ። በ1993 ብራንደን ሊ የሞተው ለፊልም በተዘጋጀ ሽጉጥ ነው፤ በርሜሉ ውስጥ የቀረ የጥይት ጫፍ ነበር። በ2021 የካሜራ ባለሙያዋ ሃሊና ሃቺንስ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ቀረጻ ላይ በእውነተኛ ጥይት ተገድላለች። እነሱ መሣሪያ የሚከታተል ባለሙያ ቀጥረው ነበር። የመጫወቻውም ቢሆን ሐረጎ ላይ አይሆንም። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ከባድ መኪና ይበዛበታል፣ ጉሙ ሲወርድ ፊት ያለው አይታይም። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ሰዉ አለ። ደሴና ኮምቦልቻ የ2014 ዓ.ም ጥቅምትንና ኅዳርን በጦርነት ያሳለፉ ከተሞች ናቸው። መንገድ ዳር ሽጉጥ ያየች እናት ፊልም ነው ብላ አታስብም። የጸጥታ ሰውም እንደዚያው። ከዘራም ይዘህ ብትወጣ ከፖሊስና ከባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ያዝ፤ ለሰፈሩ ሰው ከአንድ ቀን በፊት ንገር።

አንድ ገደብም ልንገርህ። ይህ ሁሉ ደካማ ስክሪፕት አያድንም። ምክትሉ ሽማግሌውን ለምን እንደገደለው ክፍል አንድ ላይ አልገባኝም። ገንዘብ ነው? ንቀት ነው? ይህ ካልተመለሰ ከዘራው የእንጨት ቁራጭ ነው። መጀመሪያ እሱን ጻፍ፣ ዕቃውን በኋላ አስብ።

ቀለበቱን ሻጩ ከተቀበለህ መልሰው። ካልተቀበለህ ለምክትሉ አታድርግለት። ከሥሩ ያለውን ያን ወጣት ተራ አስከባሪ ታውቀዋለህ፣ ሲስቅ ሁልጊዜ ወደ አለቃው የሚያየውን። አንድ ጠዋት ቀለበቱን አድርጎ ይምጣ። ማንም ምንም አይበለው። ቡና የምታፈላው ሴትዮ ብቻ ጣቱን ትየው፣ ቀጥሎ ፊቱን ትየው፣ ከዚያ ጀበናዋን ታንሳ።